ከእትዬ ትርሐስ ሥር ማን ይቁም

ደምለው በሕይወቱ ቁም ነገር ተናግሮ የሚያምነው ሰው አላገኘም። ጥፋቱ የራሱ ነው። በወጣትነቱ ድንበር ተሻግሮ ገዳሪፍ በሰሊጥ እርሻ ሲሠራ፣ ኋላም መተማ ዮሐንስ ላይ ጭነት ሲያስጭን፣ ከዚያም ሸሕዲ መንገድ ዳር ቆሞ ለባለእርሻዎች አጫጅ ሲመለምል፣ የትም ይዋል የት ሰው ከእሱ የሚጠብቀው ሳቅ ነበር። አንድ ጊዜ ከጎጃም የወረዱ አጫጆችን «እዚህ አገር ፀሐይዋ ሁለት ናት፤ አንደኛዋ የሱዳን ናት፣ ሳትፈተሽ ነው የምታልፈው» ብሏቸው፣ ሰዎቹ በሙቀቱ ብዛት አምነውት ነበር ይባላል።

አሁን ፀጉሩ ላይ ሽበት ጣል ጣል ብሏል። ሥራው ደግሞ ለእንዲህ ያለ ቀልደኛ ይሰጣል ተብሎ የማይታሰብ ነው። ከገለጉ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ ጉብታ ሆድ ውስጥ ወርቅ ቆፋሪዎች የፈለፈሉት ዋሻ አለ፤ ደምለው የዚያን ዋሻ ጣሪያ የሚሸከሙትን ምሰሶዎች የሚወስን ሰው ነው።

ምሰሶ ሲባል ግንድ አይደለም። ቆፋሪዎቹ የወርቁን መስመር እየተከተሉ አለቱን ሲበሉት፣ እዚህና እዚያ ሳይነካ የሚቀረው የራሱ የአለቱ ገላ ነው። ደምለው ባትሪ ይዞ ይዞራል። ጣሪያውን በመዶሻ እጀታ መታ መታ አድርጎ ያዳምጣል። ድምፁ ደረቅ ከሆነ ራሱን ይነቀንቃል፤ እንደ ባዶ በርሜል ከጮኸ ከንፈሩን ይመጥጣል። ከዚያም ክፍተቱ ምን ያህል እንደሰፋ፣ ጣሪያው ምን ያህል ከፍ እንዳለ አይቶ በከሰል ክብ ያሰምርና፣ «ከዚህ ወዲያ ያለው የእኛ አይደለም፤ የጉብታው ነው» ይላል። በሰፋ ቁጥር ምሰሶው ይወፍራል፤ ከፍ ባለ ቁጥርም ይወፍራል።

ነገሩን ረጋ ብሎ ላሰበው ሰው እንግዳ ሙያ ነው። ሌላው ሠራተኛ የሚመሰገነው በሠራው ነው፤ የምሰሶ ሰው ግን በተወው። ግንበኛ ግድግዳውን አሳይቶ ይኮራል፤ ደምለው የሚያሳየው ማንም ያልነካውን ነው። ሰው ልጅነቱን ሲጨርስ ከሚማራቸው ነገሮች ሁሉ ከባዱ መተው ሳይሆን አይቀርም፤ ብዙዎቻችንም ሳንማረው እናረጃለን። ችግሩ ደግሞ ያ የተተወው አለት ውስጥ ወርቅ መኖሩ ነው። በምሰሶው ገላ ላይ እንደ ሞራ ነጭ ሆኖ ያልፋል። የተራበ ሰው ፊት ሙዳ ሥጋ ሰቅሎ «ቤቱን ደግፎ የያዘው እሱ ነው፣ እንዳትነካ» እንደማለት ያለ ነው።

ቆፋሪዎቹ ሰሊጡ ታጭዶ ሲያልቅ ወደ ደጋ ሳይመለሱ የቀሩ የጎጃምና የወሎ ልጆች፣ ከእነሱም ጋር የዚያው የቆላው ገበሬዎች ናቸው። ደምለው ዞር ሲል አንዱ ከምሰሶው ጎን ጭብጥ የምታህል ይቆርሳል፤ ሌላው የእሱን አይቶ በወዲያኛው ጎን ይቆርሳል። ምሰሶው እንደ ሳሙና ማለቅ ጀመረ። ደምለው ለመነ። ተቆጣ። «ጣሪያው ይወርድባችኋል» አለ።

«ጋሽ ደምለው ደግሞ ቀልድ አያልቅባቸው» ብለው ሳቁ።

እውነት አልሠራ ሲለው ወደሚችለው ሙያ ዞረ።

ሰዎቹ ከአገራቸው የራቁ በመሆናቸው እድር አቋቁመው ነበር። አባል ሲሞት ሥራ ይቆማል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ሁሉም ሐዘን ይቀመጣል። በአንድ እሑድ ስብሰባ ደምለው ብድግ ብሎ አዲስ አባላት ላስገባ አለ።

«እነማን ናቸው?» አለ ሰብሳቢው ኪዳን። ኪዳን ከወሎ የመጣ፣ ድንጋይ በመካብ የታወቀ ረጋ ያለ ሰው ነው።

«ውስጥ ያሉት ናቸው። ለምሳ እንኳ አይወጡም። እናንተ ስትፎክሩም ስታንኮራፉም ተሸክመዋችሁ ቆመዋል፤ አንድ ቀን ደከመኝ ሲሉ ሰማችሁ? እንዲህ ያለው ከእድር ውጭ ይሁን የሚል ካለ እጁን ያውጣ።»

እጁን ያወጣ አልነበረም፤ ሁሉም ሆዱን ይዞ ነበርና። ደምለው ሳቃቸው ሳያባራ ደንብም አስጨመረ። ምሰሶ ቆርሶ የተገኘ የእድር አባል እንዳቆሰለ ይቆጠራል፤ ሥራ ቆሞ ሐዘን ይቀመጣሉ፤ ቆራሹም ለሐዘንተኛው ንፍሮ ቀቅሎ ያቀርባል።

መጀመሪያ የተያዘው አዱኛ ነው። አዱኛ ትከሻው በር የሚሞላ፣ ከዋሻው ቆፋሪዎች ሁሉ ጎበዙ፣ ወርቅ ሲያይ ግን እጁ የማያርፍ ሰው ነው። እንደ ደንቡ ድንኳን ተተከለ። አዱኛ ንፍሮ ቀቀለ። ኪዳን ድምፁን ዝቅ አድርጎ በወሎ ዜማ ሙሾ አወጣ፦

«ከጎኑ ሲቆርሱት አላለም ወየው፣
እንደ እሱ ቻይ ወንድም የት አገር ነው ያለው።»

በመንገዱ ወደ ገለጉ ይወርዱ የነበሩ የሰሊጥ ነጋዴዎች ድንኳኑን አይተው ከአይሱዙ ወረዱ፤ «እግዜር ያጥናችሁ» እያሉ ገቡ፤ ንፍሮ ዘገኑ። ከመካከላቸው አንድ ሽማግሌ ወደ ደምለው ጠጋ አሉ።

«ሟቹ ምን ሆኖ ነው?»

«አልሞተም አባቴ። ቆስሎ ነው።»

«ታዲያ ሳይሞት ሐዘን?»

«ከሞተማ ሐዘን የሚቀመጥ አይተርፍም።»

ሽማግሌው ጥቂት አሰቡና ንፍሮ ደገሙ።

ሥራ ፈቶ መዋሉ ለቆፋሪ ትልቅ ቅጣት ነው፤ ከዚያ ይበልጥ የሚያመው ግን መዘባበቻ መሆኑ ነበር። ደምለው ብረቱ ሳይቀዘቅዝ ምሰሶዎቹን ስም አወጣላቸው። እያንዳንዱን ቆፋሪዎቹ ሊደፍሩት በማይችሉት ሰው ስም ጠራው። አንዱ በንስሐ አባታቸው ተሰየመ፤ አንዱ ኪዳን እስከ ዛሬ በሚፈራው ታላቅ ወንድሙ። ዋሻው መሐል የቆመው፣ ወርቁ የሚወፍርበት ዋናው ምሰሶ ግን የአዱኛን እጅ የሚያስር ስም ያስፈልገው ነበር። እሱ እትዬ ትርሐስ ተባለ።

እትዬ ትርሐስ የአዱኛ አማት ናቸው። ዋሻው አፍ ላይ፣ በማሽላ አገዳና በላስቲክ በተሠራ ዳስ ውስጥ ምግብና ሻይ ይሸጣሉ። ሰፋ ያሉ ሴት ናቸው፤ ምላሳቸው ደግሞ ከቆፋሪዎቹ መሮ ይልቅ ይወጋል። በዚያ አገር አማትና አማች ይፋፈራሉ። አማች በአማቱ ፊት ደረቱን ነፍቶ አይሄድም፣ ስማቸውን በአፉ አይጠራም። አዱኛ ደግሞ ልጃቸውን ሳያስጠይቅ ይዟት ጠፍቶ በሽማግሌ የታረቀ በመሆኑ፣ ወጉን ከሌላው ሰው አብልጦ ይጠብቃል። በዚያ ምሰሶ አጠገብ ሲያልፍ አንገቱን ሰብሮ፣ ኮፍያውን አውልቆ ሆነ።

እትዬ ትርሐስ ስያሜውን ሲሰሙ የተቆጡ መስለው ሰነበቱ። ከርመው ግን ሻይ ሲቀዱ ከዋሻ የወጣውን ሁሉ፣ «እኔ ዛሬ እንዴት ዋልሁ?» ይሉት ጀመር።

«ደህና ነዎት፣ የነካዎት የለም» ይሏቸዋል።

ምሰሶዎቹ በሰላም ኖሩ። ነገሩ የተበላሸው ደምለው በሌለበት ነው። ወባ ጣለውና ሸሕዲ ዘመድ ቤት ተኝቶ ሰነበተ። እሱ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ሲንቀጠቀጥ የወርቁ መስመር ወደ ታች ታጠፈ፤ ቆፋሪዎቹም ተከትለው ከዋሻው ሥር ሌላ ዋሻ ቆፈሩ። ደምለው ድኖ ሲመለስ በአዱኛ መሪነት የተሠራውን አዲሱን ወርዶ አየ። ምሰሶዎች በወጉ ቀርተዋል፤ ወፍራም ናቸው፣ የቆረሳቸውም የለም። ኮራ። ቀና ብሎ ጣሪያውን ሲያይ ግን አንድ ነገር ገረመው። ከላይ ምሰሶ ባለበት ሁሉ ከታች ባዶ ነው፤ ከታች ምሰሶ ባለበት ከላይ ባዶ ነው።

«አዱኛ፣ ምነው ከእትዬ ትርሐስ ሥር ባዶውን ተውኸው?»

አዱኛ መሬት መሬት አየ። «ታዲያ ማን ይቁም?»

«ምሰሶ ነዋ።»

«ምሰሶማ ስም ይወጣለታል፤ የሚያወጡትም እርስዎ ነዎት። የወንድ ስም ቢያወጡለትስ? ቀሚሳቸው ሥር ቁም ልበለው?»

ደምለው ግድግዳውን ተደገፈ። «የንስሐ አባታችሁስ?»

«እሳቸውማ፣ የሴት ስም ያወጡበት እንደሆንስ ብለን ዳር ለዳር አደረግነው።»

ደምለው ሳቀ። ወጥቶም ሳቀ። ሸሕዲ ድረስ ስልክ ደውሎ ተናግሮ ሳቀ። በዕድሜው ከቀለዳቸው ቀልዶች ሁሉ ይህኛው ሳይዘሩት የበቀለ ነበር፤ እሱ በአፉ የጣለውን እነዚያ ሰዎች አለት ላይ ቀርጸው ጠበቁት።

ከሳቁ ሊያካፍል ወደ እየሩስ ሄደ። እየሩስ የወንድሙ ልጅ ናት። የማዕድን ምህንድስና ተምራ፣ ሥራ እስኪገኝላት ድረስ ለዋሻው አየር የሚነፋውን ጄኔሬተር ታስነሳለች። ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰማችው፤ አልሳቀችም።

«ጋሼ፣ እትዬ ትርሐስ የተሸከሙትን ጉብታ ለማን ነው የሚያቀብሉት?»

«ለወለሉ።»

«ወለሉስ?»

ደምለው ያን ጊዜ ገባው። ወለሉ የታችኛው ዋሻ ጣሪያ ነው። ከሥሩ ማንም የለም።

አብረው ገቡ። ከምሰሶው ግርጌ ተነሥቶ ወለሉን አቋርጦ የሚሄድ ስንጥቅ አገኙ፤ ጣት ያስገባል። ከታች ወርደው ቀና ሲሉ ያው ስንጥቅ ከላያቸው ነበር፤ ከዚያ ውስጥ ደቃቅ ድንጋይ ሽር እያለ ይወርዳል። ጆሮ ለሰጠው አለቱ ጥርሱን እንደሚያፋጭ ሰው ድምፅ ያሰማል።

«ማንም እንዳይቆፍር» አለች እየሩስ በሹክሹክታ። «መጀመሪያ ግንድ እናቁም። ከዚያ ይኸን ባዶ በድንጋይ ካብ መሙላት ነው፤ ልክ ከሥራቸው፣ ጣሪያው ድረስ፣ እጅ እንዳያስገባ አድርጎ። የሌሎቹንም እንዲሁ።»

በምሳ ሰዓት ደምለው ቆፋሪዎቹ ፊት ቆመ። ሥራ ይቁም፣ ጣሪያው ሊወርድ ነው፣ እትዬ ትርሐስ ተሰንጥቀዋል አለ። የመጨረሻውን ባይናገር ይሻለው ነበር።

«ደግሞ ማን ቆረሳቸው?» አለ አንዱ።

«ንፍሮው የማን ነው?» አለ ሌላው።

«እውነቴን ነው።»

«እሱንማ እናውቃለን» አለ አዱኛ እንባውን እየጠረገ።

እየሩስ ተነሥታ ልታስረዳ ሞከረች። ሰዎቹ እሷን እያዩ ወደ አጎቷ ጠቀሱ፤ «እሷንም አስጠንተዋታል» ተባባሉ። በልተው ሲጨርሱ መሮና መዶሻቸውን ይዘው ገቡ።

ደምለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ጨካኝ፣ ፊቱ የማይፈታ ሰው ቢሆን ኖሮ በአንድ ቃል ያስወጣቸው ነበር። እሱ ግን ዕድሜውን ሙሉ ከራሱ ላይ ትንሽ ትንሽ እየቆረሰ ለሰው ሳቅ ሲያድል ኖሯል። የቆረሳት ሁሉ በየጊዜዋ ትንሽ ነበረች። አሁን ክብደት ሲመጣ የሚሸከም ቃል አልቀረለትም። ውስጥ መዶሻው ሲመታ በተቀመጠበት ይሰማዋል፤ እያንዳንዱ ምት የመጨረሻው ይመስለዋል።

ተነሥቶ ወደ ዳሱ ሄደ።

«እትዬ ትርሐስ፣ አሞዎታል።»

«እኔን?»

«ውስጥ ያሉትን እርስዎን። ከእግርዎ ሥር ተሰንጥቋል። ዛሬ ይሁን ነገ አላውቅም፤ ይወድቃሉ፤ ሰዎቹም ከሥር ናቸው።»

ማማሰያውን አስቀመጡ። ፊቱን ትክ ብለው አዩት፤ የሳቅ ምልክት የሚፈልጉ ይመስሉ ነበር። «ይኸ ላብ የወባ አይደለም» አሉ በመጨረሻ። «ከሥሬ ለምን ባዶ ሆነ?»

«አማችዎ ከእርስዎ ሥር ሰው ማቆም ነውር ነው ብሎ።»

እትዬ ትርሐስ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አጥብቀው አሰሩ። «ባትሪህን አምጣ» አሉት።

ዋሻው ተዳፋት ነው፤ ጎንበስ ብሎ ይገባል። እትዬ ትርሐስ ግድግዳውን በሁለቱም ጎን እየታከኩ፣ የሰማዕታትን ስም እየጠሩ ገቡ። መዶሻዎቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ። ከታች የነበሩት ምን መጣ ብለው ወጡ። አዱኛ አማቱን ሲያይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

እትዬ ትርሐስ ምሰሶውን ዙሪያውን ዞሩት። ከላይ እስከ ታች አበሩበት።

«ይኸን ያህል ወፍራም ነኝ?»

ቆፋሪዎቹ ሁሉ ወደ ደምለው አዩ።

«አንተ ደምለው፣ ለክተኸኝ ነው?»

«ጉብታው ነው ያሰፋዎት እንጂ እኔስ ቀጠን አድርጌዎት ነበር።»

መዳፋቸውን ስንጥቁ ላይ አሳረፉ። አለቱ ከሥር አንድ ጊዜ ጠሽ አለ፤ ትቢያ ነጠላቸው ላይ ረገፈ። እስከዚያች ደቂቃ የሚስቅ ነበር። ከዚያ በኋላ አልነበረም።

«አዱኛ።»

«አቤት» አለ ግድግዳውን።

«ከሥሬ ማንም እንዳይቆም ያልኸው አንተ ነህ?»

«ለክብርዎ ብዬ ነው።»

«ይኸው ስንት ዓመት እኔ ራስ ላይ ተቀምጠህ ትኖራለህ። ልጄን ወስደህ፣ ምሳህን ከእኔ ድስት በልተህ። አንድ ጊዜ እኔ ያንተ ራስ ላይ ብቀመጥ ምን ትሆናለህ?»

አዱኛ ከግድግዳው ጋር ይበልጥ ተጣበቀ።

«ክብሬ ባዶ ላይ መገተር አይደለም። ከሥሬ ካቡልኝ፤ ስሙንም እኔ አውጥቻለሁ፣ አዱኛ በሉት።»

«የንስሐ አባታችንስ?» አለ ከጨለማው ውስጥ አንድ ድምፅ።

«ቄስ የሚኖረው በምእመን ትከሻ ነው። ከሥራቸው ምእመን ብላችሁ ካቡ። በሉ አሁን ሁላችሁም ውጡ፤ የሚያስፈልገው ብቻ ይግባ።»

ወጡ። ደምለው የቱንም ያህል ቢጮህ የማይወጡለት ሰዎች፣ ለእትዬ ትርሐስ ተሰልፈው ወጡ። ቅር አላለውም ማለት ግን አይቻልም።

ግንድ ከበረሃው ተቆርጦ መጣ፤ በየስንጥቁ ሥር ቆመ። ከዚያ ኪዳን በአገሩ እርከን የሠራበትን እጁን አወጣ። ድንጋዩን እያገላበጠ፣ ጠፍጣፋውን ከጠፍጣፋ እያናከሰ ይክብ ጀመር። አቀባዩ አዱኛ ነበር። ጎንበስ ባለ ቁጥር አንገቱን ወደ ላይ ላለማቅናት ይጠነቀቃል፤ በግድ ሲያቀና «ይቅርታ እመት» ይላል። እትዬ ትርሐስ ከዋሻው አፍ ሆነው ይጣራሉ።

«የት ደረሳችሁ?»

«እግርዎ ሥር ልንደርስ ነው።»

«ቶሎ በሉ፣ ደክሞኛል።»

ካቡ ጣሪያውን ሲነካ ደምለው ራሱ በቀረችው ክፍተት የእንጨት ሽብልቅ እየመታ አስገባ። መዶሻው ሲያርፍ የሚሰማው ድምፅ ተለወጠ፤ ወፈረ። ሌሎቹንም ምሰሶዎች በተራ ሞሉ።

ጉብታው የተናገረው ሁሉም ወጥተው ምሳ ላይ ሳሉ ነው። መሬቱ ከእግራቸው ሥር አንድ ጊዜ ጉም አለ፤ ከዋሻው አፍ ትቢያ እንደ ጢስ ወጣ። የያዙት ጉርሻ በእጃቸው ቀረ። ትቢያው ሲሰክን እየሩስና ደምለው ባትሪ ይዘው ገቡ። ከታች፣ ምንም ባልተሞላበት ጥግ፣ አይሱዙ የሚያህል ጣሪያ ወርዷል። እትዬ ትርሐስ ግን ጥቂት ዝቅ ብለው ካቡ ላይ አርፈዋል። ሽብልቆቹ ተጨፍልቀው እንደ ቂጣ ሆነዋል፤ ካቡ ጥርሱን ነክሶ ይዟል።

ሲወጡ እትዬ ትርሐስ ዳሱ ደጃፍ ቆመው ይጠብቋቸው ነበር።

«ወደቅሁ?»

«ተቀመጡ» አለ ደምለው።

«እሰይ። ከቆምሁ ቆይቻለሁ።»

ደምለው ያን ቀን የፈለገውን አገኘ፤ ከዚያ ወዲህ በቃሉ የሚጠራጠር የለም። ይህ መልካም ነገር ሊመስል ይችላል። ሰሞኑን ግን ሥራው ዘግየት ብሎ፣ ሰዎቹም ዝም ብለው ሲቆፍሩ አይቶ፣ እንደ ድሮው ሊያፍታታቸው ፈለገ።

«ያ ዞል፣ እናንተ ሰዎች፣ ጣሪያው ዛሬ ሲያዛጋ አየሁት» አለ በገዳሪፍ አፉ።

መዶሻ ከእጅ ወደቀ። ባሊ ተገለበጠ። በአንድ ትንፋሽ ዋሻው ባዶ ሆነ፤ አዱኛ ከሁሉም ቀድሞ ነው የወጣው። ደምለው ከእድር አባላቱ ጋር ብቻውን ቀረ።

«ቀልዴን ነው» ብሎ ጮኸ።

ከውጭ የእትዬ ትርሐስ ድምፅ መጣ። «ቀልድህንማ እናውቀዋለን። ና ውጣ።»

«ምንም የለም አልሁ እኮ።»

ደምለው ሳያስበው ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ። በመዶሻው እጀታ መታ አድርጎ አዳመጠ፤ ደህና ነው። እንደገና መታ። አሁንም ደህና ነው። ከዚያ ባትሪውን አነሣና፣ እንዳይሮጥ እየተጠነቀቀ፣ ፈጠን ፈጠን እያለ ወደ ብርሃኑ ወጣ።